የዙህራ «እኛ» እና አራቱ ራቁት ብልቃጦች

ሰው ተሰብስቦ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ ሌላው የሠራውን «ሠራን» የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። ጎንደርም ትኖራለች፣ መተማም ትኖራለች፤ ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ የገባችው ግን የሁሉም አለቃ ናት። ክብርት ወይዘሮ ዙህራ ትባላለች። ከእህል ገበያው ጀርባ ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይትና የላስቲክ ጫማ የምትሸጥበት ዱካን አላት፤ እዚያ ዱካን ደጃፍ ላይ ቆማ የማትሠራው የዓለም ሥራ የለም።

የተሸካሚው የአንዳርጌ ሚስት መንታ የተገላገለች ዕለት፣ ዙህራ ለአላፊ አግዳሚው «ወለድን! ሁለት ወንድ! እኛም ደኅና ነን» ስትል ዋለች። ከባሱንዳ ሰሊጥ ጭኖ ሲመጣ ጭቃ የዋጠውን ሎሪ አሥራ አራት ሰው ገፍቶ ሲያወጣው፣ እሷ ከሹፌሩ ጎን ጥላ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከተማ ስትገባ ግን ወገቧን ይዛ «ገፍተን ገፍተን ሞትን» አለች። የሰፈሩ ልጆች በኳስ ሲያሸንፉ «ሦስት አገባን» ትላለች። የክርስቲያኖቹ ማኅበር ዝክር ሲያወጣ ሳይቀር «ዘንድሮስ አሳምረን ዘከርን» ትላለች፤ ሙስሊም መሆኗ ከነገሩ አያስቀራትም።

ይህን ሁሉ ከሦስት እርምጃ ርቀት ስትሰማ የኖረችው እናኑ ናት። እናኑ ለአንድ መኸር ብላ ቁረይሻ ወደሚባል ቦታ ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ አሥራ ሦስት ዓመት የቀረች የጎንደር ሴት ናት። በዱካኑ ዳስ ሥር ወንፊቷንና ሰፌዷን ይዛ የሰው ማሽላ፣ የሰው ምስር ታበጥራለች። ከእናኑ ሰፌድ የወረደ እህል ጠጠር አይገኝበትም ይባላል። እህሉ ይመሰገናል እንጂ የእናኑን ስም የሚያነሣ የለም። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ፣ ዙህራ ከውስጥ ብቅ ትልና «እንዴት አድርገን እንዳበጠርንላችሁ!» ትላለች። እናኑ አቀርቅራ ከነጠላዋ ላይ እብቅ ትለቅማለች።

እናኑ ቅናተኛ ነሽ ብትባል ደንግጣ ታማትብ ነበር። ዐይናፋር ናት፣ ድምጿም ከፍ አይልም። ግን ዙህራ «እኛ» ባለች ቁጥር ደረቷ ላይ ትንሽ ፍም ነገር ይቀመጣል። አንድም ቀን ማንም ሰው «እኛ» ሲል እሷን ጨምሮ እንደማያውቅ ታስባለች፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ማሰቧ ያሳፍራትና እህሉን አንድ ጊዜ ጨምራ ታነፍሳለች።

ሞባይል በየሰው እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን ፍሙ ነደደ። ዙህራ ያሳደገቻት የእኅቷ ልጅ አማል ዩኒቨርሲቲ እርሻ ትማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቷ ደረሰና የመመረቂያ ጥናት መሥራት ግድ ሆነ። እዚያ አገር በሕስ ይሉታል። መምህሯ ዶክተር ሙዘይን አንድ ነገር አሰቡ፤ ሴቶች እህል ከነቀዝ የሚጠብቁበት አመድና የኒም ቅጠል በእውነት ይሠራ እንደሆነ ከአማል ጋር ሆነው እንዲፈትኑ። «ሰው እህሉን የሚያኖረው በትምህርት ቤት መስኮት ሥር አይደለም፤ ሰው በሚኖርበት ሙቀት እንየው» ብለው አሥራ ሁለት የመስታወት ብልቃጥ ከዙህራ ዱካን ጀርባ ባለው ክፍል አስደረደሩ። አራቱ ውስጥ ማሽላ ከአመድ ጋር፣ አራቱ ውስጥ ማሽላ ከኒም ቅጠል ጋር፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ውስጥ ማሽላ ብቻውን፣ ራቁቱን። የሁሉም አፍ በስስ ጨርቅ ታሰረ።

«እናንዬ፣ ዛሬ ነቀዝ ቆጥረን አስገባን» አለች ዙህራ እጇን እያራገፈች፤ ነቀዙን አልነካችውም።

«ምን አስገባችሁ?»

«ነቀዝ። በየብልቃጡ ሃያ ሃያ። አንድ እንኳ አላዛነፍንም።»

«ንጹሕ ማሽላ ላይ? በእጃችሁ?»

«በሕሳችን ነዋ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ነቀዝ ከእህል ስታወጣ የኖረችው እናኑ፣ ለማስገባት ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደሚያስፈልግ ያን ቀን አወቀች።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሌላ ወሬ ጠፋ። «በሕሳችን ሁለት ሳምንት ሞላው።» «በሕሳችን ላይ ጭስ እንዳታስገቡብን።» «እኛና ዶክተሩ ስንመካከር…» ዙህራ በሕሱን ለዘይት ነጋዴው፣ ለፖሊሱ፣ ከገላባት ለሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ አስረዳች፤ ከሁሉም በላይ አሳምራ ያስረዳችው አመዱን ከኒሙ ጋር አደባልቃ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ቆጠራ ነበር። ዶክተር ሙዘይን ጫማቸውን አውልቀው ከአማል ጋር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አማል ብልቃጡን ነጭ ትሪ ላይ ትዘረግፋለች፤ በዶሮ ላባ እየገፉ አንድ አንድ ይቆጥራሉ። እናኑ ከበሩ ውጭ ሆና በስንጥቁ ታያለች። እሷን ያስገረማት ቆጠራው አይደለም። ሰውየው ፀጉራቸው ነጭ፣ ደብተራቸው ወፍራም ነው፤ ግን አንዲት ቃል ከመናገራቸው በፊት ወደ ልጅቱ ዞረው «ሹፍቲ ሺኑ?» ይላሉ። ምን አየሽ? ማለት ነው። ልጅቱ ያየችውን ትናገራለች። አንዳንዴ አይስማሙም። አንድ ቀን አማል «አይደለም፣ ዶክተር፤ ነቀዙ ከአመዱ ሸሽቶ ጨርቁ ላይ ወጣ እንጂ አልሞተም» ብላ ተከራከረቻቸው። እሳቸውም «ምናልባት እውነትሽን ነው፤ ጻፊው፣ በሚቀጥለው እናያለን» አሉ።

እናኑ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። የእሷ መምህር የሚጠይቁት «ምን አልኩ?» ብለው ነበር። ምን አየሽ ብሎ የጠየቃት ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አልገጠማትም፤ ከማንም ይልቅ ግን የምታይ እሷ ነበረች። ያን ሐሙስ በማን እንደቀናች ለራሷም አልለየላትም፤ በዙህራ ይሁን፣ በልጅቱ ይሁን፣ ጥያቄውን በሚሰሙት ግድግዳዎች ይሁን።

የመጨረሻው ቆጠራ በስምንተኛው ሳምንት ነበር። አማል ከዚያ በኋላ ጽፋ በወሩ መጨረሻ ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ቆጠራው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ዙህራ ለለቅሶ ሄደችና ዱካኑን እናኑ ጠበቀች። ውኃ ልትጠጣ ወደ ጀርባው ክፍል ገባች። አመድና ኒም ያለባቸው ብልቃጦች ጸጥ ብለዋል። ራቁቶቹ አራቱ ግን ይርመሰመሳሉ፤ ማሽላው ራሱ የሚሄድ ይመስላል፣ ጆሮዋን ስታስጠጋ ይንኮሻኮሻል።

እጇ ነው የሠራው ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ እህል አይታ ሳታበጥር ያለፈችበት ቀን የለም። ሌላው ግማሽ ግን ያው ፍሙ ነበር፤ ዶክተሩ መጥተው «ይህን ማን ነው እንዲህ ያጠራው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዙህራ አፏን ሳትከፍት «እኔ» ስትል ራሷን አየችው። ከራቁቶቹ መጀመሪያ ዘጠነኛውን ብልቃጥ ነፋችው። ዐሥረኛውን ነፋችው። ነቀዙን ከሰል ላይ ጨመረችው፣ ጨርቁን መልሳ አሰረች። ዐሥራ አንደኛውን ልታነሣ ስትል ከደጅ «መጣን!» የሚል ድምፅ ሰማች። ዙህራ ብቻዋን ነበር የመጣችው።

ሐሙስ ዕለት አመዱም ኒሙም ተቆጠረ፤ በየብልቃጡ ጥቂት ነቀዝ ብቻ። የአማል ፊት በራ። ዘጠነኛው ተዘረገፈ፤ አራት ነቀዝ። ዐሥረኛው፤ ሦስት። ልጅቱ ላባውን አስቀመጠች።

«ራቁቱ ላይ ከሌለ፣ አመዱም ኒሙም ምንም አልሠሩም ማለት ነው» አለች። ዐሥራ አንደኛውን ዘረገፉት። ሦስት መቶ ላይ ቆጠራውን ተዉት።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነካው?»

እናኑ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዙህራን አየቻት። ይህን ጊዜ «እኛ» የምትል ሰው አትኖርም፤ ዛሬ «እኔ የለሁበትም» ትላለች፣ በቃ። የዙህራ ዐይን ክፍሉን ዞረና በሩ ሥር ወደቀ፤ እናኑ ካቆመችው ሰፌድ ጠርዝ ላይ አንድ ነቀዝ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ የእናኑን ፊት አየች።

«ዶክተር፣ እኛ ነን» አለች ዙህራ። «ቆሽሾ አየነውና አጸዳነው። ምን እናድርግ፣ ነቀዝ አንወድም።»

«ኻልቲ!» አለች አማል ወደ አክስቷ ዞራ። «የኔን ዓመት ነው ያጸዳችሁት!»

«አጥፍተናል፣ ልጄ።»

እናኑ ዐሥራ ሦስት ዓመት የተመኘችው «እኛ» ውስጥ በመጨረሻ ገባች፤ የገባችውም በዚህ በር ሆነ። እግሯ ሳይታዘዝ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

«አና» አለች በዐረብኛ፣ «እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። ለቅሶ ላይ ነበረች።»

«ዝም በይ አንች!» አለች ዙህራ። «ዱካኑ የማን ሆነና ነው!»

ዶክተር ሙዘይን ሁለቱንም አዩ። አልተቆጡም። «ጥፋቱ ከእኛም ነው» አሉ፣ አማል እየተረጎመች፤ «ራቁቱ ለምን ራቁቱን እንደሚቀር ለቤቱ ሰው አላስረዳንም። ያለ እሱ ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት የለም።» ከዚያ ማተቧን እያዩ፣ በአገራቸው ትልቅ ሴት በሚከበርበት ቃል «ያ ሓጃ» አሏትና ደብተራቸውን ገለጡ። «ሹፍቲ ሺኑ?»

እናኑ መጀመሪያ ለአማል የተናገሩ መሰላት። ሲገባት ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጀመረች፤ ያቆማትም አልነበረም። ነቀዙ ከላይ ይልቅ ከታች እንደሚበዛ። የተበሳው ፍሬ በመዳፍ ሲያዝ እንደሚቀል። ኒም ካለበት ብልቃጥ አጠገብ ያለው ራቁት ብልቃጥ ከሌሎቹ ያነሰ ነቀዝ እንደነበረው፣ ምናልባት ሽታው እየደረሰው። ዶክተሩ ጻፉ። አማል ዕንባዋን ጠርጋ ጻፈች።

«ምን እናድርግ?» አሉ ዶክተሩ፣ ወደ ልጅቱ።

«የሁለቱን እንደ ዐሥራ አንደኛው ሞልተን ብንጽፈው ማን ያየናል?» አለች ዙህራ።

አማል የተዘረገፈውን ማሽላ አየች። «አይሆንም» አለች። «ሁለቱን ብቻ ብንደግምም አይሆንም፤ ሙቀቱ ተለውጧል። አሥራ ሁለቱንም እንደ አዲስ። ራቁቶቹን ደግሞ ከኒሙ እናርቃቸው።»

«ቀኑን አብሬሽ ሄጄ እጠይቃለሁ» አሉ ዶክተሩ። «ስሜ ከስምሽ ሥር ነው ያለው።»

አማል ከጓደኞቿ ሁለት ወር ዘግይታ አስረከበች፤ የጓደኞቿ ምረቃ ቀን ቤት ውስጥ ተኝታ ዋለች፣ ይህን እናኑ አልረሳችውም። በኋላ ስትመረቅ ዙህራ ያለችውን መናገር አያስፈልግም። «ተመረቅን» ነው ያለችው።

የሚነገረው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ዶክተሩ ለእናኑ አንድ ደብተር ሰጥተዋት ነበር። ብልቃጥ ሳትነካ በየቀኑ ያየችውን በአማርኛ ትጽፋለች፤ ማታ ማታ ለአማል ታነብላታለች፣ አማል በዐረብኛ ትገለብጠዋለች። የድጋሚው በሕስ የመጨረሻ ቆጠራ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ዙህራ ገላባት ዕቃ ልታመጣ ሄደች። አንዳርጌ ስኳር ተሸክሞ ወደ ጀርባው ክፍል ገባና ራቁቶቹን ብልቃጦች ሲያይ ደነገጠ።

«ኧረ እትዬ እናኑ፣ ይኼ ሊውጠን ነው! አውጥቼ ልድፋው?»

«እጅህን አንሣ!» አለች እናኑ። ያን የሚያህል ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። «በሕሳችን ነው!»

ከበስተጀርባዋ ዘንቢል መሬት ሲነካ ተሰማ። ዙህራ ከነአቧራዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«በሕሳችን?» አለች። «ደግሞ አንች መቼ ገባሽበት?»

ልትስቅ ነበር የፈለገችው፣ ሳቁ ግን አልመጣላትም። ዐይኗ እናኑ እጅ ላይ ያለው ደብተር ላይ ቀረ። እናኑ ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ከነጠላዋ ሥር ደብቃ የያዘችው የራሷ ፊት ነው። ለካ ለራሷ አንድም ጥያቄ ሳይደርሳት ነው ይህች ሴት የሰውን ሁሉ ጥያቄ ስትመልስ የኖረችው።

እናኑ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እርሳሱን ምላሷ ላይ ነካ አደረገችና ደብተሩን ገለጠች።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ዐሥራ አንደኛውን ተመልከችው። ምን አየሽ?»