ፎቶ የሆነው ወጌ

ድረ ገጽ ሲያሠራ ከጽሑፉ ይልቅ ለፊደሉ ውበት የሚጨነቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። ፊደሌ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ወጎቼን ሁሉ በፎቶ መልክ አስለጠፍኳቸው። ገጹን የሠራችልኝ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ኮምፒውተር ፎቶ ማንበብ አይችልም» ብትለኝ፣ «ደግሞ የትኛው ዓይነ ስውር ነው እኔን የሚያነበው?» አልኳት።

ብቸኛው ታማኝ አንባቢዬ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ቢሮ ያለው ጠበቃው ወዳጄ ይርጋ፣ ዓይነ ስውር መሆኑን እንዴት ረሳሁት? ደረቴን ነፍቼ ቢሮው ሄድኩና አዲሱን ወጌን አስከፈትኩት። ኮምፒውተሩ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ። አላበኝ።

«ይቅር በለኝ ይርጋ፣ ዛሬውኑ አስቀይረዋለሁ» ብዬ ስነሳ እጄን ያዘኝ።

«ምን አስቸኮለህ? ከጻፍካቸው ሁሉ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው።»