በጣሳ የተቀዳ ባሕር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ስንት እንቁላል ከገበያ ወደ ቤት ስወስድ ግን አንዱም ወርዶ አልተራመደልኝም፤ እኔው ነኝ የተሸከምኩት። ለነገሩ ይህን ተረት የምንወደው ሌላውን ስንመክር ነው። ወደ ራሳችን ሲመጣ ወጡ ሳይበስል እንቀምሳለን፤ ሙሽራዋ ገና ሳትቀመጥ «ልጅ የለም ወይ?» እንላለን። እናንተን አላማችሁም፤ ከእኔ የባሰ ችኩል እንደሌለ እስከ በደሳ ከተማ ገበያ ድረስ የታወቀ ነው። እኔን ቀስ ያስባለኝ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ። ዓሣ ነው። ጣት የምታህል ዓሣ!

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሟች ወንድሜ ልጅ፣ እኔን አክስቷን «አዳዳ» የምትለኝ ሰዓዳ፣ አሰብ ወደብ መካኒክ ለሆነው ለኢብራሂም ኒካዋ ታሰረ። አሰብና የእኛ አሰበ ተፈሪ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አገራቸው አይተዋወቅም። እኛ ጠዋት ጠዋት ጋቢ እንደርባለን፤ እዚያ እንደ ኢብራሂም አባባል የሰው ጥላ ሳይቀር ያልበዋል። የልጅቷ እናት ሐሊማ ይህን ስትሰማ «በምንጭ ውሃ ያደገች ልጄን ጨው ላይ ወስደህ ልታደርቃት ነው? አትሄድም!» ብላ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰዓዳ መሀል ገባች። ባሏን ስታይ ሻንጣዋን ትሸክፋለች፤ እናቷን ስታይ ትፈታዋለች።

ሌላ አማች ቢሆን ሽማግሌ ይልካል። ይሄኛው ዓሣ ላከ! ለወር ፈቃዱ ሲመጣ ከመርከብ ሰው የገዛውን የመስታወት ሳጥንና አራት ጀሪካን የባሕር ውሃ በጭነት መኪና ጭኖ ከተፍ አለ። በመንገዱ አዋሽ ወንዝ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚሏትን አንዲት ትንሽ ዓሣ በባልዲ ተቀብሎ ነበር። ሳጥኑን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ፤ የወንዝ ውሃ ሞላበት፤ ዓሣዋን ለቀቀበት።

«እማ ሐሊማ» አለ፣ «ይቺ የአዋሽ ልጅ ናት፤ ጨው አታውቅም። ጠዋትና ማታ አንድ ጣሳ ከውሃዋ ቀድቼ በቦታው አንድ ጣሳ ባሕር እጨምርላታለሁ። ፈቃዴ ሲያልቅ በባሕሩ ከኖረች፣ ሰዓዳን ይልቀቁልኝ።»

«ከሞተችስ?»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሐሊማ «እሺ» አለች። የሰዓዳ ትዳር መስታወት ውስጥ ይዋኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ እኔ ቤቴን ረሳሁ። በየማለዳው እየሄድኩ ጣቴን ነክሬ እቀምሳለሁ፤ ውሃው ዛሬ ከትናንት ይጎመዝዛል፤ እሷ ጅራቷን እያወዛወዘች ፍርፋሪ ትለቅማለች። ኢብራሂም እንዳስረዳኝ፣ ዓሣ በወንዝ ሳለች ገላዋ የተረፈውን ውሃ ሲያወጣ ይውላል። ባሕር ስትገባ ግን ጨው ውሃውን ትጠጣና፣ ጆሮዋ አካባቢ ባለው በምትተነፍስበት ስንጥብ ጨዉን መልሳ ትተፋዋለች። ይህን አዲስ ሥራ እስክትማር ነው ቀኑ የሚያስፈልጋት። ሱብሐነላህ! እኔ በመሠረተ ትምህርት ሀሁን ለመቁጠር ስንት ጠመኔ አስጨረስኩ፤ እሷ ያለ ሰሌዳ ባሕርን ታጠናለች!

ወሬው ተዳረሰ። አየር እንዳያጥራት የብስክሌት ፓምፕ ተገጠመላት፤ የጎረቤት ጫት ቃሚዎች በርጫቸውን እዚያው አዙረው ተራ በተራ ይነፉላታል። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አያትና «ይቺ የቤት ቁጥሩ ላይ ትመዝገብ?» አለ።

ከሳምንት በኋላ ግን ኢብራሂም ሳጥኑን አይቶ ፈዞ ቆመ። ውሃው የሳጥኑ ከንፈር ጋ ደርሷል።

«እኔ የቀዳሁትን ያህል ነው የምጨምረው። ይሄ ውሃ ያረግዛል እንዴ?»

እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ሐሊማ መሬቱን አየች።

ምን ልደብቃችሁ! ትምህርቷ ቶሎ እንዲያልቅላት ብዬ፣ ሰው ሲዘናጋ አንድ ጣሳ ባሕር በድብቅ እጨምርላት ነበር። ተናዘዝኩ። ልጁ አመዱ ቡን አለ። «አዳዳ ፋጡማ! በዚህ አያያዝ እኮ ትገድያታለሽ!» ሰዓዳ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ በቆምኩበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኼኔ ሐሊማ ቀና አለች። «አትሞትም። እኔም ከዙሁር ሶላት በኋላ ከውዱእ ማንቆርቆሪያዬ ንጹሕ ውሃ እጨምርላት ነበር።»

ለካ እኔ ሳጎመዝዝ እሷ ስታለዝብ ኖሯል! ዓሣዋ በሁለት ዋርሳዎች ተንኮል መሀል ሚዛኗን ጠብቃ ትዋኛለች።

«አንቺ ሐሊማ» አልኳት፣ «ብትሞት እኮ ልጅሽ ትቀርልሽ ነበር። ምን ብለሽ ነው ውሃ ያጠጣሻት?»

ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ። «የተጠማ እንስሳ ማጠጣት ሰደቃ ነው፣ ፋጡማ። ልጄን ላስቀር ብዬ ፍጡር ላስጠማ?»

 

ከዚያ በኋላ ጣሳው በኢብራሂም እጅ ብቻ ሆነ። ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከጀሪካኑ የተረፈውን ባሕር በአንድ ብርጭቆ፣ የሳጥኑን በሌላ ብርጭቆ አቀረበልን። ሐሊማ ሁለቱንም ቀመሰች። ፊቷ እኩል ተጨማደደ። ዓሣዋ ከመስታወቱ ወዲያ አፏን ከፈት ዘጋ እያደረገች ታየናለች። ሐሊማ ብርጭቆውን አስቀመጠችና «ማሻ አላህ» አለች፤ ቀጥላም ፊቷን ሳታዞር «ሰዓዳ፣ ሻንጣሽን ሸክፊ» አለች። ዓሣዋን እያየች ደግሞ «አሁን ወደ ወንዝ ብንመልሳትስ?» አለች።

«በአንድ ቀን ከሆነ ትጎዳለች፣ እማ። መመለሱም እንደ አካሄዱ በጣሳ በጣሳ ነው።»

ሰዓዳ በዓመቷ ልትጠይቀን መጣች፤ ጠይም ሆና፣ ወፍራ፣ ሳቋ ጨምሮ። እኔ ምኑ ቅጡ! ዘመድ ጠራሁ፣ በግ አስጣልኩ፣ በሁለት ቀን ሃያ ቤት ላዞራት ቀጠሮ ያዝኩ። እሷ በጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «አዳዳ፣ ይሄ አገር እንዴት ይበርዳል! እኛ አገር እኮ…» ብላ ጀመረች።

እኛ አገር! «ያንቺ አገር የት ሆነና ነው?» ልላት አፌን ስከፍት ሐሊማ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ይስቃል።

«ተይ፣ ፋጡማ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ አንድ ጣሳ ይበቃታል።»