የድብ ባሕሩ ዶክተር

በጎንደር ከተማ፣ ለክብሩ ስንል ስሙን በማንጠራው አንድ ሆስፒታል፣ በካንሰር ታካሚውና በሐኪሙ መካከል ለዘመናት የኖረው ዝምታ አምና በይፋ ተሰበረ። የሰበረው ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው፣ የዲጂታል ሽግግር ኃላፊው አቶ ዕንባቆም፣ በምረቃው ዕለት ለአርባ ደቂቃ ባሰሙት አጭር ንግግር፣ «ከእንግዲህ ታካሚ ሐኪሙን ፍለጋ ተራራ አይወርድም፤ ሐኪሙ በመዳፉ ላይ ነው!» አሉ። ሪባን ተቆረጠ፤ ለስላሳ ተጠጣ።

አሠራሩ የረቀቀ ነበር። ታካሚው በአንዲት አጭር ቁጥር ይደውላል። ሲስተሙ ጥሪውን ለአንደኛው ሐኪም ያደርሳል፤ እሱ ካላነሣ ለሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠነኛው ይወርዳል። ለስምንቱ ሐኪሞች ስምንት አዳዲስ ስልኮች ቀረቡ። ስልኮቹም እንዳይጠፉና እንዳይሰበሩ ሲባል በአቶ ዕንባቆም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። የመንግሥትን ንብረት መጠበቅ የሥልጡን ሰው ምልክት ነውና።

ዘጠነኛው ሐኪም አያ ምናለ ናቸው።

አያ ምናለ የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው። የአንጀት ካንሰር ይዟቸው፣ ስድስት ዙር መድኃኒት ወስደው፣ ተሽሏቸው፣ ለክትትል ብቅ ባሉበት ቀን የስልክ ቁጥር ምዝገባ ይካሄድ ነበር። መዝጋቢው «ታካሚ» የሚለውን ሊነካ ሲል ጣቱ ከበላዩ ባለው «ሐኪም» ላይ አረፈች። ሌላው ሰባት ዓመት የሚማረውን ሙያ እሳቸው በአንዲት ጣት መንሸራተት ጨረሱት።

የመጀመሪያው ጥሪ ገብስ ሲያጭዱ ደረሳቸው።

«ሃሎ፣ ዶክተር? ማሬ እባላለሁ፤ ከአይከል ነው። የጡት ካንሰር ይዞኝ እዚያው እናንተ ዘንድ እታከማለሁ። አፌ ቆስሎ እህል አላስቀምስ አለኝ።»

«እኔ እንኳ ዶክተር አይደለሁም ልጄ፤ በሽተኛ ነኝ። ግን እኔንም እንዲያው አድርጎኝ ነበር። ለብ ባለ ውኃ ጨው ጣል እያደረጉ ይጉመጥመጡ ብትለኝ ሲስተር ሥርጉት፣ ሸጋ ሆኜበታለሁ። ቆይ፣ ላንቺም ይሆን እንደሁ ጠይቄ ልደውልልሽ።»

የካንሰር ክፍሏን ነርስ፣ ሥርጉትን፣ ደውለው ጠየቁ። ለማሬም መልሰው ደወሉላት። ማሬ መልሶ የሚደውል ሐኪም ሰምታ አታውቅምና ወሬውን ለጎረቤት አዳረሰች። ወር ሳይሞላ ከጎንደር አራዳ እስከ ደባርቅ ያለው ታካሚ ሁሉ «ዶክተር ምናለን» ያውቅ ጀመር። እሳቸው ለደወለ ሁሉ «ሐኪም አይደለሁም» ይላሉ፤ የደወለውም ሁሉ «እንዴት ያለ ትሑት ሐኪም ነው!» ይላል።

ሥርጉት ነገሩ ሲገባት አቶ ዕንባቆም ቢሮ ገባች።

«ዶክተር ምናለ የምትሏቸው ሰው ታካሚያችን ናቸው።»

«ሲስተሙ ምን ይላል?»

«ሐኪም ይላል።»

«እንግዲያስ?»

«እኔ ራሴ መርፌ ስወጋቸው ከርሜ!»

«ሐኪም አይታመምም ያለሽ ማን ነው?»

«እሺ፣ የሐኪሞቹን ስልክ ይስጡን።»

«ስልኮቹ ለጎብኚ የሚታዩ ናቸው፤ ከነላስቲካቸው መቆየት አለባቸው።»

አንድ እሑድ ጠዋት አያ ምናለ ከቅዳሴ ሲወጡ ማሬ ደወለች። ድምፅዋ ተቆራርጧል።

«ዶክተር፣ ሰውነቴ እየነደደ ያንቀጠቅጠኛል። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፤ እስከዚያ እችለዋለሁ።»

«ምን ቀጠሮ ትቆጥሪያለሽ! በዚህ መድኃኒት ላይ ትኩሳት ከመጣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ሥርጉት አሥር ጊዜ ነግራኛለች። ተነሽ፣ ማኪና ያዢ!»

«በሰንበት ማን ይቀበለኛል?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

ሥርጉት ከቤቷ ተጠርታ ሮጣ መጣች፤ አልጋ አዘጋጀች፤ ተረኛውን ሐኪም አስጠራች። ማሬ በሰው ተደግፋ ስትገባ መድኃኒቱ ተሰቅሎ ይጠብቃት ነበር። ወደ ማታ ሥርጉት ለአያ ምናለ ደውላ፣ «ተርፋለች። ሐኪሙ አንድ ቀን ብታድር አናገኛትም ነበር አለ» አለቻቸው። አያ ምናለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሚስታቸው «ምነው?» ቢሏቸው፣ «ገለባ ገብቶብኝ ነው» አሉ።

በዓመቱ መጨረሻ ሲስተሙ ሪፖርቱን አወጣ፤ የታካሚዎች እርካታ ዘጠና ስምንት ከመቶ። ጥሪዎቹን ሁሉ ያነሣው አንድ ሐኪም መሆኑን ኮሚቴው «የላቀ የሥራ ቅንጅት» ሲል አደነቀው። አዳራሽ ተሞላ፤ ከበላይ አካል እንግዶች መጡ፤ «ዶክተር ምናለ!» ተብሎ ተጠራ። ገበሬው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መድረክ ወጡ። አቶ ዕንባቆም ሲያዩዋቸው ደነገጡ፤ ግን ካሜራ ነበረና ፈገግ አሉ።

«ዶክተር፣ እስቲ ምስጢርዎን ያካፍሉን።»

«ዶክተር አይደለሁም። ምስጢርም የለኝ። ስልኩ ይጮሃል፤ አነሣዋለሁ።»

ከዚያ አንድ እንግዳ ማጨብጨብ ሲጀምር ሁሉም ብድግ አለ። ኮሚቴውም ይህን ጥልቅ ሐሳብ ወደ ተግባር ለመለወጥ አልዘገየም፤ በሳምንቱ አራዳ በሚገኝ ሆቴል «የስልክ አነሣሥ መሠረታውያን» የተሰኘ የሦስት ቀን ሥልጠና ከፈተ። ስምንቱ ሐኪሞችና ሥርጉት በሠልጣኝነት፣ አያ ምናለ በክብር እንግድነት ተጠሩ። ሥልጠናው እንዳይታወክም ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ ታዘዘ።

አቶ ዕንባቆም «ጥሪ፦ ትርጉሙና ታሪካዊ አመጣጡ» የሚለውን ክፍል እንደጀመሩ ከአንድ ጋቢ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«ስልክ ማጥፋት ግዴታ ነው ተብሏል!»

አያ ምናለ ተነሡ። «አቤት ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» እያሉ ወጡ። ሥርጉት ተከተለቻቸው። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሐኪም ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው፤ ሻይ ዕረፍት ሳይደርስ ስምንቱም በረንዳው ላይ አያ ምናለን ከበው፣ በእሳቸው ስልክ ለሚደውሉ ታካሚዎቻቸው የግል ቁጥራቸውን ይሰጡ ነበር።

ሥልጠናው ግን በታቀደለት መሠረት ሦስቱንም ቀን ተካሄደ። አቶ ዕንባቆም ባዶውን አዳራሽ በትዕግሥት አስተማሩት፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀቱን ለራሳቸው አበረከቱ። በዚያ ሆስፒታል እስካሁን ስልክ ማንሣት በይፋ የሠለጠኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።