ፋብሪካው ሳይተከል የቀጠረን ሰው

«ደመናው ከአሬሮ ሊበን ላይ ዘነበ፣
የኔማ… እምምም…»

ጋሽ ኃይለመስቀል ይህችን ዘፈን ከዚህ በላይ አያውቋትም፤ የቀረውን በአፍንጫቸው ይሞሉታል። ሲያንጎራጉሩ ከተሰማ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን የሥራ ማመልከቻ እየጻፉ ነው ማለት ነው።

ሹመቱ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የነገሌው ግን የባሰበት ነው፤ ሳይሾም ሰው ይሾማል። ሥጋ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ሊተከል ነው የተባለ ሰሞን፣ ጋሼ ባዶው ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ «ቢሮዬ እዚህ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግራሩ ያያል» ይሉ ነበር። እኔ የማየው ቀይ አፈርና የሚያመነዥጉ ግመሎችን ነው። ዓይኔን ስጨፍን ግን ያ መስኮት ፀሐይ እየመታው ያብረቀርቅልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ባይቀበሉዎትስ?»

«እኔን? ማስረጃዬ ራሱ ቆሞ ይናገራል!»

እውነታቸውን ነው። በክብረ መንግሥት ወርቅ ማውጫ ጸሐፊ፣ በጦር ሰፈሩ የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በእንጨት መሰንጠቂያ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ የዓለምወርቅ የምስክር ወረቀቱን በልብስ ሳጥኗ እያስቀመጠች «ቀሚሴ እንኳ መግቢያ አጣ» ትላለች።

ሹመት አያልቅባቸውም። ሥራ ፈቱን እኔን የመጋዘን ኃላፊ አደረጉኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሚዜን መተኮስ ያዝኩ። ቅቤ ሻጯ ዲንቄ የሴት ሠራተኞች አለቃ ሆነች። ድርቅ ከብታቸውን የጨረሰባቸውን ሽማግሌውን ሁቃን ደግሞ ገበያ ላይ አገኟቸው።

«አካም፣ ናጋ?» አሏቸው ጋሼ፤ «እንዴት ነዎት፣ ሰላም ነው?» ማለታቸው ነው።

«ናጋ። ቤቱ ናጋ? ዝናቡ ናጋ?»

«ናጋ። አባባ፣ እርስዎ የፋብሪካው ዘበኛ ነዎት።»

ሁቃ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። በማግስቱ ከተረፈቻቸው አንዲት ላም የታለበ ወተት በጮጮ አምጥተው መረቋቸው። ጋሼም እስከ መጨረሻው ጠጡት። ለሁቃ ይህ ከማኅተም ይበልጣል።

ጋሼ ለፈተና ክብረ መንግሥት ተጠርተው በከብት መኪና ሄዱ። ሲመለሱ አቧራ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። «ሹማምንቱ» ሁላችን ደጃቸው ላይ እንጠብቃለን።

«ምን አሉዎት?» አልኩ።

«ማስረጃዬን አይተው ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። ሥራው ያንተ ነው አሉኝ።»

ዲንቄ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ሠራተኛ ግን ከአዲስ አበባ ነው የምናመጣው፤ ከነገሌ አንድ ሰው አትቀጥርም አሉ። እኔም እምቢ ብዬ ወጣሁ።»

እትዬ የዓለምወርቅ ራሷን ያዘች። «አንተ ሰው! የሰጡህን ተቀብለህ አትመጣም?»

«ሁቃ የማይቆምበትን በር በምን ፊቴ አልፌ ልግባ?»

በጋሼ ሕልም ስንት ቀን ስቀናል! ሥራው እጃቸው ገብቶ ለእኛ ሲሉ ይመልሱታል ብሎ ማን ጠርጥሮ? አንድ ቀን እንኳ ሳያሠሩኝ፣ ካየኋቸው አለቆች ሁሉ የምወዳቸው እሳቸውን ነው።

አማርኛቸው አንቱታ የማያውቀው ሁቃ ክንዳቸውን ያዟቸው። «ናጋ ገባህ። በቃ። አሁን ብላ።»

መደቡ ላይ አስቀመጧቸው። እትዬ የዓለምወርቅ እያጉረመረመች ሽሮውን አቀረበች፤ ከልማዷ አብዝታ ነበር ያወጣችው። ጋሽ ኃይለመስቀል እጃቸውን ታጥበው፣ በር ላይ የቆምነውን ተራ በተራ አዩን።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ኑ እንጂ!»

ገብተን ከበብናቸው። ያን ጊዜ ቆረሱ።