ንብ አንቢዎቹ ክፍል ሁለት

[የአንዲት ቪዲዮ ቤት ጓዳ። ተርጓሚው ማይክ ጨብጦ አንድ የውጭ አገር አስፈሪ ፊልም ለተመልካች ይተረጉማል። ፈዛዛው የሚሉት የሚስቱ ወንድም ማጫወቻው አጠገብ ተቀምጧል።]

ፈዛዛው፦ እኔ ግን እነዚህ ጭምብል ያጠለቁት ሰዎች አሁንም ንብ አንቢዎች ናቸው የሚመስሉኝ፣ ጋሼ።

ተርጓሚው፦ [ማይኩን በእጁ ሸፍኖ] አይደሉም አልኩህ እኮ! የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ናቸው!

ፈዛዛው፦ ባለፈው ሳምንት ንብ አንቢዎች ናቸው ያሉት እርስዎ ነዎት። ጭምብሉም ያው፣ ጓንቱም ያው...

ተርጓሚው፦ ያ ክፍል አንድ ነዋ! ሰው ሥራ አይቀይርም?

ፈዛዛው፦ ስለ ዲስኩ እኮ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ...

ተርጓሚው፦ ዝም በል! ባለፈው አዳራሹ በሙሉ ሲያንቀላፋ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ምን እንዳለኝ ረሳኸው? ዛሬ አንድ ሰው ቢያንኮራፋ ማይኩን አስረክቤ መውጣቴ ነው። እህትህን ምን ላበላት? [በማይኩ] ተመልካቾች! በዚህች ከተማ መተኛት በሕግ ተከልክሏል! ያንቀላፋ ሰው በጆንያ ተጠቅልሎ ይወሰዳል!

ፈዛዛው፦ ውይ! ሰውዬው እንዲህ ነው ያለው?

ተርጓሚው፦ ቃል በቃል።

ፈዛዛው፦ አፉ አልተንቀሳቀሰም እኮ!

ተርጓሚው፦ በሆዱ ነዋ የተናገረው። የሰው ሆድ መተርጎም ቀላል መሰለህ?

ፈዛዛው፦ ይቺ ሴትዮ ደግሞ ባለፈው ገደል ገብታ ሞታለች።

ተርጓሚው፦ መንትያዋ ናት።

ፈዛዛው፦ ውሻውስ? አብሯት ነው የወደቀው።

ተርጓሚው፦ የውሻው መንትያ! ኧረ አስተውል እንጂ! [በማይኩ፣ በሴት ድምፅ] “ልጄ፣ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ! መጡልሽ!”

[ከአዳራሹ ጩኸት፣ ፉጨት፣ ጭብጨባ። ፊልሙ ያልቃል።]

ፈዛዛው፦ [በቀዳዳ አጮልቆ] ጋሼ፣ አንድም የተኛ የለም!

ተርጓሚው፦ [ላቡን እየጠረገ] እፎይ፣ ተመስገን! አየህ፣ ክፍል ሁለት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል ይላሉ። ይሄ ግን ታሪኩ ጠልቋል፣ ተዋናዮቹም በስለዋል። ደራሲው ከስህተቱ የተማረ ሰው ነው።

ፈዛዛው፦ ክፍል ሁለትማ ተቧጭሮ ማጫወቻው አላነብም አለ። ልነግርዎት የነበረው ይሄንኑ ነው። ያጫወትኩት ክፍል አንድን ነው።

[ተርጓሚው ተስፈንጥሮ የጓዳውን በር ይዘጋል።]

ተርጓሚው፦ ወይኔ ጉዴ! ድምፅህን ቀንስ! ተመልካቹ ካወቀ አለቀልኝ!

ፈዛዛው፦ ያውቃሉ እኮ። በር ላይ ቲኬት ስቆርጥ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።

ተርጓሚው፦ እና ማንም አልተመለሰም?

ፈዛዛው፦ ምን ሲሉ ይመለሳሉ! “ያንኑ ፊልም ዛሬ ደግሞ ምን ብሎ ሊተረጉመው ነው?” ብለው ጎረቤት ሁሉ ጠርተው መጡ።

ተርጓሚው፦ ባለቤቱስ? ባለቤቱስ ሰማ?

ፈዛዛው፦ እኔ አላስችል ብሎኝ ነው እንጂ፣ እሱማ “ለተርጓሚው ብቻ እንዳትነግረው፤ ካወቀ ይበላሻል” ብሎኝ ነበር።