ጋሼ በልቻለሁ

«በልቻለሁ» የሚል ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የእኛ ቤት ተወካይ ክቡር አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ቁልፍ ሠሪው ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ በልቻለሁ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት ኖሮ፣ «ግባ» በተባለበት ቤት ግን ደፍ አልፎ አያውቅም። ሻይ ስጡት፤ «አሁን ጠጥቼ ነው» ይላል። ወንበር ስጡት፤ «መቆም ይሻለኛል» ይላል። ዝናብ ሲደበድበው ጃንጥላ ይዛችሁ ብትከተሉት «ደርሻለሁ እኮ!» ይላችኋል፤ ቤቱ ከተራራው ወዲያ፣ ሌላ ከተማ ነው።

እናቴ በዚህ ነገር አንጀቷ ሲያርር ነው የኖረችው። ቤታችን መጥቶ ሳይበላ በሄደ ቁጥር ዕቃ እያንኳኳች ታጥባለች። ያን ቀን አጠገቧ አትድረሱ።

አንድ የብርድ ወቅት እናቴ ታመመችና ለቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠላት። «ጋሼን ሳላየው አልገባም» ብላ እርፍ አለች። ሐኪሙ ለመናት፣ እኔም ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች! በረዶው ደግሞ የተራራውን መንገድ ዘግቶት አውቶቡስ ቆሟል። አጎቴ ይህን ሲሰማ መፍቻዎቹን ሰብስቦ፣ ሱቁን ቆልፎ በእግሩ ተነሣ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜ! ጎረቤቶቹ ስንቅ ቢሰጡት ምን ቢል ጥሩ ነው? «በልቻለሁ።»

የመንገዱን ነገር የነገረኝ ራሱ ነው። በመጀመሪያው መንደር አንዲት ልብስ ሰፊ በመስኮት አየችውና መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ሮጣ ወጣች።

«ይግቡ እንጂ! ምድጃው ነዷል፣ ሾርባውም ደርሷል!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ በልቻለሁ።»

«ትንሽ ብቻ!»

«አላስቸግርሽ።»

«በሞቴ!»

ደንቡን መቼም ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው እምቢ ማለት፣ በሁለተኛው መግደርደር፣ በሦስተኛው ግን መግባት ነው። አጎቴ ሦስተኛውን አልተማረም። እሷ ክንዱን ወደ ቤት ስትስብ፣ እሱ ወደ በረዶው ሲጎትት፣ ኮቱ ሊተረተር ምንም አልቀረውም፤ በስንት መከራ አመለጣት። ኮረብታው ላይ ደርሶ እጁን ሊያሞቅ ኪሱ ቢከት ትኩስ ዳቦ አገኘ። ለካ በግብግቡ መሐል ከትታበት ኖሯል! «ናቀችኝ!» አለና ሊመልስላት ዞረ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ከቁራ በቀር ምስክር እንደሌለ አረጋግጦ በላው።

ሌሊቱን ሰው በሌለበት ጋጣ አሳልፎ በማግሥቱ ሲጓዝ ነፋሱ ከበረዶው ጋር ተነሣ። ሊመሽ ሲል ከተራራው ሥር አንዲት ክፍል ቤት ታየችው። መንገድ የሚጠርግ ሠራተኛ ብቻውን የሚያድርባት ናት። አካፋዎች በሯ ላይ ተደግፈዋል፣ የድንች ሾርባ ይሸታል። አንኳኳ። ከንግግር ጋር ብዙም የማይዋደድ ግዙፍ ሰው ከፈተለት።

«ልበላ ስል ደረሱ፤ ይግቡ» አለው።

«በልቻለሁ፤ መንገዱን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እሺ። ቀጥ ብለው ይሂዱ። ደህና ይሁኑ» አለና በሩን ዘጋው።

ጉድ ፈላ! አጎቴ ቃሉን የሚያምን ሰው ገጥሞት አያውቅም። አሁን ይከፍታል፣ አሁን «በሞቴ» ይለኛል ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ከውስጥ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። የእግሩ ጣቶች ከደነዘዙ ቆይተዋል። ሞትን አልፈራም ይላል፤ ግን እህቱ አልጋዋ ላይ ሆና በር በሩን ስትመለከት ታየችው። ስንቱን የዛገ ቁልፍ ያላቀቀ ሰው፣ አንዲት ቃል ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ አልላቀቅ አለችው። እንደገና አንኳኳ።

«ዋሽቼ ነው» አለ። «አልበላሁም። ርቦኛል። በርዶኛልም።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?» አለ ሰውየው። «ግባ።» አንቱታው እዚያው ደፉ ላይ ቀረ።

አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ሰውየው ያለው አንድ ሳህን ነው፤ ሰጠው። ያለው አንድ አልጋ ነው፤ ሰጠው። ራሱ ካፖርቱን አንጥፎ መሬት ላይ ተኛ። የአጎቴን ጫማ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ምድጃው ዳር አደረቀለት። «ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም! ሌባ ልሁን ወንበዴ ልሁን በምን ያውቃል?» ይላል አጎቴ፣ እስከ ዛሬ እየገረመው። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ!»

ጠዋት ሰውየው የጉዞውን ምክንያት ሰምቶ ሸኘው፤ በኋላ እንደተነገረን፣ ሲመለስ መንገድ ሠራተኞች የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ አነሣ። «አንድ ሽማግሌ በእግሩ እየመጣ ነው፤ እህቱ ታማበት ነው። በልቻለሁ ካለ እንዳታምኑት!» የሰማው ላልሰማው አሰማ። ከዚያ ወዲያ አጎቴ የደረሰበት በር ሁሉ ተከፍቶ ጠበቀው። አንዲት ወተት ሻጭ መንገድ መሐል ቆማ «በልቻለሁ የሚሉት እርስዎ ነዎት?» ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። አንድ አናጺ የራሱን ጓንት አውልቆ አጠለቀለት። «የማላውቀው አገር አድሞ አበላኝ» ይላል።

እኛ ቤት የደረሰው በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ነው፤ በሰው ኮፍያ፣ በሰው ጓንት፣ በሰው ሹራብ። እናቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳትቀምስ ሐኪሙ አዟታል። አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ በልማድ ብቻ፣ መልሱን እያወቀችው፣ «ጋሼ፣ በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም እህቴ። ርቦኛል።»

እናቴ ክው አለች። ማንም ሳይደግፋት ተነሥታ ምግቡን ራሷ አሞቀች። ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«እናታችን ከሞተች በኋላ» አለችኝ፣ «አንድ ቁራሽ ዳቦ ካለ ለኔ ይሰጠኝና ‹እኔ በልቻለሁ› ይለኝ ነበር። ሕፃን ነኛ፣ አምነዋለሁ።»

«ተይው እስቲ» አለ አጎቴ ቀና ሳይል። «ጨው አቀብዪኝ።»

በማግሥቱ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ፣ ሰመመኑ ገና ሳይለቃት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ጋሼ በላ?» አለች። አጎቴ ከጎኔ ቆሞ አንዲት የማናውቃት አስታማሚ ከቆረሰችለት ዳቦ አፉን ሞልቶ ስለነበር መናገር አልቻለም።

«በልቷል» አልኳት። «እየበላም ነው።»