የክቡር መሐንዲስ ዘይኑልአቢዲን መዘውር

የማይቆም ነገር ሠርቶ ሊያሳየን የሚማስን ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ይህ ሰው ሁለት ነገር አይሆንለትም፤ አርፎ መቀመጥና ምስጢሩን ለራሱ መያዝ።

በጣልያን ጊዜ የደሴው የእኛው ነበሩ፤ ቆርቆሮ ሠሪው ጎረቤቴ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን። እኔ «ክቡር መሐንዲስ» እላቸዋለሁ። በብስክሌት ቸርኬ ዙሪያ ባዶ የድልህ ጣሳ ደርድረው ሱቃቸው መሀል አቆሙት። ከጧት እስከ ማታ ማንም ሳይነካው ይዞራል።

«ምንድን ነው የሚያዞረው?» ሲባሉ «አላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል!» ይላሉ፤ መዋሸት አይወዱማ። የቦሩ ሜዳው ሞላ «ሲቆም ሳላይ አልሄድም» ብሎ ተቀምጦ ገበያው ተበተነበትና ዶሮዎቹን እንደታቀፈ ተመለሰ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደግሞ «መዞሩንስ ዞረ፤ ምናለ አንድ ቁና ማሽላ ቢፈጭልኝ!» ይላሉ።

ለእኔ ግን ሳልጠይቃቸው ከመዘውሩ ሥር የተነጠፈውን ሰሌን ገልጠው አሳዩኝ። ከሥሩ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ቀስ እያለ ሲወርድ ቸርኬውን ያዞራል። በየቀኑ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መልሰው ወደ ላይ ይስቡታል።

«አደራ፣ ብሩ!» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

«ብናገር ምላሴ ይቆረጥ!» አልኳቸው።

አንድ ሰኞ ከኮምቦልቻ አንድ የጣልያን መሐንዲስ መጣ። መዘውሩን ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ራሱን አከከ። አልገባውም። ገበያተኛው በዓይን ተጠቃቀሰ። ሁልጊዜ ቁልቁል የሚያየን ሰው የእኛን ሥራ ሳያውቀው ሊሄድ ነው! ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል።

እኔ፣ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው የቆምኩት፣ ፈረንጅ ፊት አዋቂ መባል አማረኝ። ሰሌኑን ገለጥኩት።

ጣልያኑ «ብራቮ!» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤ በእሳቸው እየሳቀ ወጣ። ሰዉም አንድ በአንድ ወጣ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አልተቆጡኝም፤ ሰሌኑን ብቻ ወደ ቦታው መለሱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ሳምንት ሙሉ በሌላ መንገድ እየዞርኩ ቤቴ ገባሁ። በመጨረሻ ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ክቡር መሐንዲስ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቡኝ። አዲስ መዘውር ይዞራል፤ ጉድጓድ የለው፣ ገመድ የለው።

«በምን እንደሚዞር ላሳይህ?» አሉኝ፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞልቷል።

«በነቢ ይዤዎታለሁ ጋሼ፣ አያሳዩኝ!» ብዬ ዓይኔን በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ለአንድ «ብራቮ» የሸጥኩት። አዲሱ በምን እንደሚዞር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከእሳቸው ምስጢር ሳላወጣ የጠበቅኩት ይህንኑ ብቻ ነው።